የሰው ስም በባለቤቱ ፊት ይመርመር

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞያሌ የሚደርስ ነጋዴ በዚያ የሚጠብቀውን የፍተሻ ሥርዓት አስቀድሞ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶክተር ዐቢይ አሕመድና የዚያን ጊዜው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በኅዳር ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. መርቀው በከፈቱት የጋራ የድንበር ኬላ፣ የሁለቱ መንግሥታት ሹማምንት በአንድ ስፍራ ተቀምጠው የመውጫውንና የመግቢያውን ጉዳይ ይፈጽማሉ። ነጋዴው የያዘውን ዕቃ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ቀረጡ የሚታሰበው አስቀድሞ በታወቀ ታሪፍ ነው፤ እስሩ መፈታት ቢያስፈልገው ባለ ዕቃው ወይም ወኪሉ ባለበት ይፈታል፤ ለከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ተበደልሁ ቢልም አቤት የሚልበት ደረጃ አለው። ይህ ሥርዓት በአፈጻጸሙ ጉድለት የለበትም አንልም። ነገር ግን መሠረቱ ቅን ነው፤ ይኸውም የሰው ንብረት በባለቤቱ ፊት እንጂ በስተኋላው አይበረበርም የሚል ነው።

በዚያው ከተማ ሥራ ፈላጊ የሆነ ወጣት የሚገጥመው ፍተሻ ግን ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ማመልከቻውንና የትምህርት ማስረጃውን አስገብቶ ይወጣል። እርሱ ከወጣ በኋላ ቀጣሪው ስልኩን አንሥቶ ስሙን በፌስቡክ፣ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ላይ ይፈልጋል። ከማን ጋር ፎቶግራፍ እንደ ተነሣ፣ በማን ሠርግ እንደ ተገኘ፣ የትኛውን በዓል እንዳከበረ፣ ከብዙ ዓመት በፊትም በምን ነገር ተቈጥቶ ምን እንደ ጻፈ ይመለከታል። ከተመለከተ በኋላ ማመልከቻውን ከሚጠሩት ወይም ከሚቀሩት ጋር ያኖረዋል። በዚህ ፍተሻ የታወቀ ታሪፍ የለም፤ ደረሰኝ የለም፤ አቤት ማለትም የለም። ተፈታሹ መፈተሹን እንኳ አያውቅምና። የዛሬው ርእሰ ነገራችን ይኸው ነው።

ይህ ልማድ በአንዲት የድንበር ከተማ የሚወሰን አይደለም። ካሪየርቢልደር የተባለው የአሜሪካ የሥራ አገናኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ቀጣሪዎችን ጠይቆ ባወጣው መግለጫ፣ ከመቶው 70 የሚሆኑት የአመልካቾችን ማኅበራዊ መገናኛ እንደሚመለከቱ፣ ከነዚህም ውስጥ ከመቶው 57 የሚሆኑት ባዩት ነገር ምክንያት ሰው ሳይቀጥሩ መቅረታቸውን ገልጿል። መንግሥታትም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ለትምህርት ቪዛ የሚያመለክቱ ሰዎች ገጻቸውን ለሁሉ የሚታይ እንዲያደርጉ መጠየቁ፣ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ለትምህርት የሚሄዱትን ልጆች ጭምር የሚነካ ነው። በስልክ የሚደረግ ምርመራ ገንዘብ አያስወጣም፣ ድካምም የለበትም፤ ስለዚህ በትልቅ መሥሪያ ቤትም ሆነ በትንሽ ሱቅ ሊሠራበት ይችላል።

ለቀጣሪው ወገን የሚነገረውን አስቀድመን በቅንነት እንናገር። ሞያሌ የንግድ ከተማ ናት። ከኢሲኦሎ እስከ ሞያሌ የተዘረጋው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ፣ ከናይሮቢ የሚወጣውና ከኢትዮጵያ የሚወርደው ዕቃ በዚያች ከተማ ይገናኛል። የጉምሩክ አስተላላፊ ጸሐፊውን፣ የኤምፔሳ ወኪል ገንዘብ ያዡን፣ ባለ ከባድ መኪና ሾፌሩን፣ ትምህርት ቤትም መምህሩን ሲቀጥር እምነት የሚጣልበት ሰው ይሻል። የአንድ ሠራተኛ ክዳት የዓመት ትርፍ ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህም በላይ በአደባባይ በሌላው ወገን ላይ ጥላቻ የሚሰብክ ሰው፣ ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ ሕፃናትን እንዲያስተምር የሚወድ ማን ነው? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የብሔራዊ አንድነት ሕግ፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የጥላቻ ንግግርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 እንዲህ ያለውን ንግግር ወንጀል አድርገውታል። ስለዚህ ቀጣሪ ዓይኑን ይጨፍን አንልም። የምንለው፣ ያየውን ለባለቤቱ ያሳይ ነው።

ሰውን መርምሮ መቅጠር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዋስ መጥራት የቈየ ልማድ ነው፤ ዛሬም ገንዘብ ወይም ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ በብዙ መሥሪያ ቤት ዋስ አምጣ ይባላል። ነገር ግን ዋስ ስም አለው፤ ፊት አለው፤ ስለ ቃሉም ይጠየቃል። የዱሮው የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃ የሚባለው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ቃል ለቃል የሚመላለሱበት ነበር። ወደ ሞያሌም ስንመለስ፣ የቦረና ሕዝብ በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስቦ የሕጉንና የኑሮውን ነገር በአደባባይ ይመክራል፤ በኬንያ ያሉት ወገኖቹም ይካፈሉበታል። በነዚህ ልማዶች ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ሐሳብ እናገኛለን፤ የሚነገርበት ሰው ይሰማ የሚል ነው።

ከዚህ የተለየው ሌባሻይ የሚባለው ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ከሳተ በኋላ ይለቀቃል፤ ከገባበት ቤት ወይም ከወደቀበት ደጅ ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ የሚያደርገውን አያውቅም፤ የተያዘውም ሰው ለማን መልስ እንደሚሰጥ አያውቅም። ያ ልማድ ዛሬ በመቅረቱ የሚያዝን ሰው ያለ አይመስለንም። ስልኩን አንሥቶ ከፊቱ የወደቀለትን ፎቶግራፍ ሁሉ ማስረጃ የሚያደርግ ቀጣሪ ግን፣ ሌባሻይን በአዲስ ልብስ እየመለሰው እንደ ሆነ ልብ ሊለው ይገባል።

በተለይ በሞያሌ ይህ ፍተሻ ለስሕተት የተጋለጠበት ብዙ ምክንያት አለ። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ያለ ሰው በአብዛኛው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የራሱና የአባቱ ስም ከሌላው ጋር አንድ የሆነ ሰው በአንድ ከተማ ብቻ ብዙ ይገኛል። ያው አንዱ ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በአንድ መልክ፣ በኦሮምኛ ቁቤ በሌላ መልክ፣ በሶማልኛ ደግሞ በሦስተኛ መልክ ይጻፋል። በሌላ ሰው ስም ሐሰተኛ ገጽ መክፈትም ቀላል መሆኑን የማያውቅ የለም። እንግዲህ ቀጣሪው ያየው ገጽ የአመልካቹ የራሱ መሆኑን በምን ያረጋግጣል? አመልካቹን ሳይጠይቅ ሊያረጋግጥ አይችልም።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። የሞያሌ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ቡርጂኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ሲናገር ያድጋል። ቀልዱንም ኀዘኑንም በነዚሁ ይጽፋል። ናይሮቢ ተቀምጦ የማያውቀውን ቋንቋ ስልኩ እንደ ተረጐመለት የሚያነብ የቅጥር ሹም፣ ምሳሌውን እንደ ዛቻ፣ ለቅሶውንም እንደ ቅስቀሳ ቢወስደው አያስደንቅም።

ሦስተኛው የዝምድና ነገር ነው። ድንበሩ አንዱን ሕዝብ በሁለት መንግሥት ሥር አኑሮታል። የአጎቱ ልጅ በኢትዮጵያ ወገን ሲያገባ ሠርጉ ላይ ተገኝቶ ፎቶግራፍ የተነሣ ኬንያዊ ወጣት ዘመዱን አከበረ እንጂ አገሩን አልካደም። ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን ከፎቶግራፉ በስተጀርባ ያለውን ሰንደቅ ዓላማ ብቻ ሊያይ ይችላል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የመከራ ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በኬንያው ሞያሌና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ሸሽተዋል። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያው ሞያሌ ሰላማውያን ሰዎች በወታደሮች ጥይት በመገደላቸው፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይዘው ወደ ኬንያ ተሰደዋል። እንበልና እ.ኤ.አ. በ2013 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ፣ የቤተ ሰቡ ቤት ሲቃጠል ያየ፣ በዚያችም ሌሊት በእንባና በቁጣ መካከል ሆኖ በሌላው ነገድ ላይ አንድ ክፉ ቃል የጻፈ ወጣት አለ። ዛሬ ዕድሜው ከ25 ዓመት አልፏል፤ ተምሯል፤ ምናልባትም ያን ጊዜ የረገመው ወገን ልጅ ዛሬ የቅርብ ባልንጀራው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የተጻፈውም ቃል በዚያው ተቀምጧል። ቀጣሪው ያችን አንዲት ሌሊት ያያል፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ከዐሥር ዓመት የሚበልጥ ዘመን ግን አያይም። ወጣቱ ተጠርቶ ቢጠየቅ ሊጸጸት፣ ሊያስረዳ፣ ይልቁንም የተማረውን ሊናገር በቻለ ነበር። ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ያች የተቃጠለች ቤት ሁለተኛ ጊዜ ትቃጠልበታለች።

የሰሜን ኬንያ ሕዝብ ከሌላው የተለየ ምርመራ ምን እንደሚያደርስ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያለ ወጣት 18 ዓመት ሲሞላው በተለመደው ማመልከቻ መታወቂያ ሲያወጣ፣ የድንበር አውራጃ ወጣት ግን በሽማግሌዎችና በሹማምንት ሸንጎ ፊት ቀርቦ የማን ልጅ እንደ ሆነ እንዲያስረዳ ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ ኖሯል። መታወቂያ የሌለው ሰው ሥራ ለመያዝም ሆነ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይቸገራል። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በዋጂር ተገኝተው ይህ ልዩ ምርመራ እንዲቀር የሚያዘውን አዋጅ ፈርመዋል። በዚያ ሸንጎ ብዙ በደል እንደ ነበረ የማይካድ ቢሆንም፣ ወጣቱ ቢያንስ በመርማሪዎቹ ፊት ቆሞ ይናገር ነበር። በስልክ የሚደረገው ምርመራ ያንኑ የማን ልጅ ነህ የሚለውን ጥያቄ መልስ ሳይጠብቅ ይጠይቃል። በአዋጅ ከፊት በር የተሰናበተው ነገር በጓሮ በር ተመልሶ እንዳይገባ የሚጠብቅ ያስፈልጋል።

ቀጣሪው፣ «የሆነ ሆኖ በዚህ መንገድ ደኅና ሠራተኛ አገኛለሁ» ይል ይሆናል። ነጋዴ ሒሳብ ያውቃልና በሒሳብ እንነጋገር። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ ሊፈልጉ የተዘጋጁ የ416 ተማሪዎችን የፌስቡክ ገጽ ለቅጥር ባለሙያዎች አሳይተው ስለ እያንዳንዱ ነጥብ አሰጡ። በኋላም ሥራ ከያዙት ውስጥ የብዙዎቹን አለቆች ስለ ሥራቸው ጠየቁ። ባለሙያዎቹ ገጹን አይተው የሰጡት ነጥብና አለቆቹ ሥራውን አይተው የሰጡት ነጥብ አልተገናኘም። ይልቁንም የገጹ ነጥብ ለሴቶችና ለነጮች ያደላ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ4,000 በላይ የሥራ ማመልከቻዎችን ለአሜሪካ ቀጣሪዎች በመላክ የተደረገ ነው። የአመልካቾቹ ሙያ አንድ ሲሆን፣ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የሚታየው ሃይማኖታቸው ግን የተለያየ ነበር። በመላ አገሪቱ የጐላ ልዩነት ባይታይም፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ደጋፊዎች በሚበዙባቸው ስፍራዎች ሙስሊም መሆኑ የሚታወቀው አመልካች ለቃለ መጠይቅ የተጠራው ከክርስቲያኑ በጣም ባነሰ መጠን ነው። ከነዚህ ሁለት ጥናቶች የምንማረው፣ ቀጣሪው በዚህ መስተዋት ብዙውን ጊዜ የሚያየው የአመልካቹን ሙያ ሳይሆን የራሱን ልብ መሆኑን ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ ብዙ ነገድና ብዙ ቋንቋ በሚገኙባት በሞያሌ ይህ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ31ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን ያስከብራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሥራ ስምሪት ሕግ በ5ኛው አንቀጽ፣ የተቀጠረውን ብቻ ሳይሆን ገና ሊቀጠር የሚያመለክተውን ሰው ጭምር በዘር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አስተያየት ወይም በብሔረሰብ ምክንያት መለየትን ይከለክላል። ክስ ሲነሣም አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም በቀጣሪው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚሰበሰበውን የማወቅ፣ የማየት፣ የመቃወምና ስሕተቱን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። የብሔረሰብ ምንጭን፣ እምነትን፣ ጤናን፣ የትዳርና የቤተ ሰብን ሁኔታ ከሌላው መረጃ ለይቶ የበለጠ ጥንቃቄ እንዲደረግላቸው ያዛል። የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትም ሕጉን የጣሰውን እስከ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም ከዓመታዊ ሽያጩ ከመቶ አንድ፣ ከሁለቱ የሚያንሰውን፣ ሊቀጣ ይችላል።

በኢትዮጵያም ወገን እንዲሁ ሕግ አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት እንዲከበር ያዝዛል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ተቈጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። እንግዲህ አንዱን ኬላ በጋራ የሚጠብቁት ሁለት መንግሥታት በሰው ስም ነገርም ሕጋቸው የተቀራረበ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ቀጣሪ የሚጠጋበት አንድ ቀዳዳ አለ። የኬንያው የመረጃ ጥበቃ ሕግ መረጃ ከባለቤቱ ከራሱ እንዲሰበሰብ ካዘዘ በኋላ፣ ባለቤቱ ሆን ብሎ ለሕዝብ የገለጸውን ከሌላ ስፍራ መውሰድን ይፈቅዳል። ቀጣሪውም ይህን ይዞ፣ «ራሱ ያወጣውን አየሁ፤ ምን አጠፋሁ?» ይላል። እኛም የምንመልሰው፣ ለማየት የተፈቀደ ሁሉ ለመፍረድ የተፈቀደ አይደለም ብለን ነው። በጎረቤቱ ሠርግ የጨፈረ ሰው ጭፈራውን ለታዳሚው አሳየ እንጂ ነገ ለእንጀራዬ ምስክር ይሁንብኝ አላለም። ሌላ ሰው በለጠፈው ፎቶግራፍ ላይ የተገኘስ፣ ሆን ብሎ ራሱ ገለጸው ሊባል ነውን? ደግሞም ለሕዝብ የታየው ነገር ተሰብስቦ ለውሳኔ ከዋለ በኋላ፣ ባለቤቱ የማወቅና የማሳረም መብቱ ቀሪ አይሆንም።

በዚህ ረገድ ኬንያ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ሰጥታለች። ሥራ ፈላጊ ገና ሳይመረጥ ከፖሊስ፣ ከግብር መሥሪያ ቤት፣ ከተማሪዎች ብድር ቦርድ፣ ከፀረ ሙስና ኮሚሽን ማረጋገጫ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቅ ነበር፤ ድኻው ወጣት ለማያገኘው ሥራ ገንዘቡን ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው የሥራ ስምሪት ሕግ ግን፣ ቀጣሪው ሰውየውን ሊቀጥረው ካላሰበ በቀር ይህን ማረጋገጫ እንዳይጠይቅ ከለከለ። የሥርዓቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ አስቀድሞ ሙያ ይመዘን፤ ጠባይ ከዚያ በኋላ ይመርመር። ከሩቅ አገርም ብንጠቅስ፣ የአሜሪካዋ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ቀጣሪ የአመልካችን የምሥጢር ቃል እንዳይጠይቅ በመከልከል ከአገሪቱ ክፍላተ ሀገር የመጀመሪያዋ ሆናለች።

እንግዲህ በሞያሌም ሆነ በሌላው ስፍራ ያሉ ቀጣሪዎች የጉምሩኩን ሥርዓት ለሰው ስም እንዲያውሉት እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ ፍተሻ የሚደረግ ከሆነ በሥራው ማስታወቂያ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ የሚፈለገውም ነገር ምን እንደ ሆነ አብሮ ይነገር፤ ታሪፉ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ፍተሻው ፈተናና ቃለ መጠይቅ ካለፈ በኋላ፣ ሊቀጠር በታሰበው ሰው ላይ ብቻ ይደረግ። ሦስተኛ፣ የሚታየው ለሕዝብ የተጻፈውና ከሥራው ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ብቻ ይሁን፤ የምሥጢር ቃል መጠየቅ፣ በሌላ ስም ወዳጅ መስሎ መግባት፣ ከዘመድ ስልክ ላይ የዋትሳፕ ቡድን መበርበር ከነውር ይቈጠር። አራተኛ፣ የሚመለከተው ሰውና የሚወስነው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ ተመልካቹም ነገድን፣ እምነትን፣ ጤናንና ዝምድናን ለወሳኙ አያድርስ። አምስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሚያስከፋ ነገር ሲገኝ አመልካቹ ተጠርቶ ይታየው፤ ይህ ያንተ ነውን? መቼ ጻፍኸው? ዛሬስ ምን ትላለህ? ተብሎ ይጠየቅ። መልሱም ከተገኘው ነገር ጋር በጽሑፍ ይያዝ፤ ይህ ደረሰኙ ነው። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የተሰበሰበው ይጥፋ።

ይህን ሁሉ ማድረግ ለአንዲት ሱቅ ይከብዳል የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። ሠርቶ መመርመር የከበደው አለመመርመር ይችላል። በምትኩ አመልካቹን ለጥቂት ቀን በሥራው ላይ ሞክሮ ማየት፣ የቀድሞ አሠሪውን በስሙ መጠየቅ፣ ዋስ መጥራት ይቀራል። እነዚህ የቈዩ መንገዶች ከስልኩ ይልቅ ጥቂት ቀን ይፈጃሉ፤ ነገር ግን የሚናገረው ሰው ይታወቃል፣ የተነገረበትም ሊመልስ ይችላል።

አስተዳዳሪዎችም ኀላፊነት አለባቸው። በማርሳቢት ካውንቲም ሆነ በሌሎቹ መንግሥት ራሱ ከትልልቆቹ ቀጣሪዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የካውንቲ መንግሥታት ሕግ፣ ለጀማሪ ሠራተኞች ከሚከፈተው ቦታ ቢያንስ ከመቶው 30 በካውንቲው ከሚበዛው ብሔረሰብ ውጭ ለሆኑት እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ የሰውን ብሔረሰብ የሚጠይቀው በግልጽ፣ በቅጽ ላይና ለማስገባት ነው። በስልክ የሚፈልግ ሰው ግን ያንኑ ነገር በስውርና ለማስወጣት ሊጠቀምበት ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሕግና በበደል መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ የካውንቲው የሕዝብ አገልግሎት ቦርድና በኢትዮጵያ ወገን ያሉት የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ከላይ የዘረዘርነውን ሥርዓት በራሳቸው ቅጥር ቢጀምሩት፣ ነጋዴው ከእነርሱ አይቶ ይከተላል።

ለወጣቶችም አንድ ቃል እንጨምር። በስልክ የሚጻፍ ነገር በአሸዋ ላይ የሚጻፍ ሊመስል ይችላል፤ ግን በድንጋይ ላይ እንደ ተጻፈ ይኖራል። በቁጣ ጊዜ የተጻፈውን ከመላክ በፊት ማሳደር፣ የትናንቱንም ክፉ ቃል ዛሬ ራስ ፈልጎ ማረም የአዋቂ ሥራ ነው። ቀጣሪም እንዲህ ራሱን ያረመውን ወጣት ቢያገኝ፣ ከዚያ የተሻለ የጠባይ ማስረጃ ሊፈልግ አይገባውም።

በነጋዴና በአስተዳዳሪ መካከል ያለው መተማመን የቆመው በታወቀ ታሪፍና በሚጨበጥ ደረሰኝ ላይ ነው። ወጣቱ ትውልድ ደግሞ በሁለቱም ላይ የሚኖረው እምነት የሚጸናው፣ ለሥራ ያልተመረጠ ሁሉ ያልተመረጠበትን ምክንያት ሲያውቅ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ምክንያቱን ለራሱ ይፈጥራል፤ በሞያሌ ደግሞ የሚፈጠረው ምክንያት የነገድ ምክንያት መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በኬላው የሚያልፍ አንድ ጆንያ ቦሎቄ በባለቤቱ ፊት ተፈትቶ፣ ተመዝኖ፣ ደረሰኝ ተቈርጦለት ይታሰራል። የአንድ ወጣት ስም ከአንድ ጆንያ ቦሎቄ ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም።